ልጃችሁ «ጌይ ነኝ» ሲላችሁ፦ ለሃይማኖተኛ ወላጆች የመጀመሪያው ሰዓት፣ ሳምንትና ዓመት

ብዙውን ጊዜ የሚነገረው መኪና ውስጥ ነው። ልጆቻችን ብልጦች ናቸው፤ መኪና ውስጥ ሁለታችሁም ወደ ፊት ስለምታዩ ዓይን ለዓይን አትጋጠሙም፣ እናትም ብድግ ብላ ወደ ጓዳ መግባት አትችልም። ከቅዳሴ መልስ፣ ወይም አባት ከሥራ ወጥቶ ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያመጣ፣ በእንግሊዝኛ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ትወጣለች። ከዚያ ዝም።

ይህ መመሪያ ለዚያ ዝምታ ነው። የጻፍኩት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በቶሮንቶ፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም ልጅ ለሚያሳድጉ፣ ቅዳሴ ወይም የእሑድ ፕሮግራም ወይም ጁምዓ ለማይቀርባቸው ወላጆች ነው። ሀገር ቤት ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል፤ ምስጢር ስለመጠበቅ የሚለውን ግን አሥር ጊዜ አንብቡት። እኔ አክስት ነኝ። የእህቴ ልጅ ከእናቱ በፊት የነገረው ለእኔ ነበር፤ እኔም አበላሸሁት። እንዴት እንዳበላሸሁት ሦስተኛው እርምጃ ላይ አለ።

እምነታችሁን ተዉ የሚል ነገር እዚህ አታገኙም። ግን ያየሁትን ልናገር፦ በመጀመሪያው ሳምንት ቤት የሚያፈርሰው ይሉኝታ ነው። «እግዚአብሔር ምን ይላል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ሰው ምን ይላል?» የሚለው ይቀድምና የእግዚአብሔርን ጥያቄ ልብስ ለብሶ ይቀመጣል። ልጁ ላይ አንድ ነገር ልታደርጉ ስትሉ ቆም ብላችሁ የትኛው ጥያቄ እያስቸኮላችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አንድ ቃል

«ግብረ ሰዶም» እንላለን። «ግብረ» ሥራ፣ ድርጊት ማለት ነው። ስለዚህ ልጁ በእንግሊዝኛ «ጌይ ነኝ» ሲል የወላጅ ጆሮ የሚሰማው የተፈጸመ ድርጊት ነው፤ ጭንቅላት ውስጥ ሥዕል ይመጣል፣ ከሥዕሉ ንዴት ይመጣል። ልጁ የተናገረው ግን ልቡ ወደ ማን እንደሚያዘነብል ነው። 14 ዓመቱ ሊሆን ይችላል፤ የማንንም እጅ ይዞ አያውቅ ይሆናል። ስለዚህ ቤት ውስጥ እሱ ራሱ የተጠቀመበትን ቃል ያዙ፦ ጌይ ካለ ጌይ፣ ሌዝቢያን ካለች ሌዝቢያን፣ ባይሴክሹዋል (ወደ ሁለቱም ጾታ የሚሳብ) ካለ እንዲያ፣ ትራንስ (በልቡ የሚያውቀው ጾታ ሲወለድ ከተባለው የተለየ) ካለም እንዲያው። ከሀገራችን ሰዎች መካከል ራሳቸውን «ዜጋ» የሚሉም አሉ፤ ስድብ ካልሆኑት ጥቂት የአማርኛ ቃላት አንዱ ነው።

እርምጃ 1፦ የመጀመሪያው ሰዓት

እየነዳችሁ ከሆነ መኪናውን ጥግ አስይዙ። ከዚያ ይህን ያህል በሉ፦ «ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል። ደንግጫለሁ፣ አልዋሽህም። ልጄ ነህ፣ ልጄም ሆነህ ትቀራለህ። ቀስ ብለን እናወራለን።» በቃ። የቀረውን ነገ።

«እወድሃለሁ» ማለት በአፋችን ላይ የሚከብድ ብዙዎች ነን። ካልመጣላችሁ አታስገድዱት፤ በራሳችሁ ቋንቋ በሉት። «በልተሃል?» በሉና ቤት ስትደርሱ አቅርቡለት፣ አጉርሱት። ልጁ ይህን ቋንቋ ከተወለደ ጀምሮ ያውቀዋል፤ የዚያን ቀን ማታ እንጀራው እንደ ወትሮው መቅረቡን በደንብ ነው የሚያየው።

የማይባሉትን ልዘርዝር፤ ሁሉንም ሰምቻቸዋለሁ፣ ሁለቱን ራሴ ብያለሁ። «ማን አስተማረህ?» «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው።» «አባትህ ቢሰማ ይሞታል።» «ለዚህ ነው ሁለት ሥራ የሠራሁት?» የመጨረሻው በተለይ አይረሳም፤ ልጁ የላባችሁን ዋጋ እንዳጠፋ ሰው ራሱን ያያል። ማልቀስ ትችላላችሁ፤ ልጁ እናንተን ማባበል እስኪጀምር ግን አታልቅሱ። ያን ጊዜ ወደ መታጠቢያ ቤት ሂዱ።

ሌላ፦ ልጁ አማርኛው ካልበቃው፣ እናንተም እንግሊዝኛው ካልበቃችሁ፣ ታናሽ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጉ። ቀስ ብሎ ደግሞ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

እርምጃ 2፦ ሕይወቱ ደህና መሆኑን ጠይቁ

ይህን አታሳልፉ። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ጥያቄው ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ካለ ያወጣዋል። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሰብስባችሁ ቆልፉ፤ በአሜሪካና በካናዳ 988 ላይ ደውሉ፣ በእንግሊዝ 116 123፣ በእስራኤል 1201። በአሜሪካ 988 ላይ በድምፅ ስትደውሉ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። በአሜሪካ ለእነዚህ ወጣቶች ብቻ የተቋቋመው ትሬቨር ፕሮጀክት ደግሞ በ1-866-488-7386 ይመልሳል፤ ቁጥሩን ስልኩ ላይ እንዲያስቀምጥ ስጡት፣ ለምን ብላችሁ አትጠይቁ።

እንዲህ የምጨነቀው ያለ ነገር አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፋሚሊ አክሴፕታንስ ፕሮጀክት የተባለውን የሚመሩት ኬትሊን ራያንና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አሳትመዋል። ከ21 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን 224 ወጣቶች ስለ ጉርምስናቸው ጠየቁ። ቤተሰባቸው ክፉኛ የገፋቸው፣ ካልተገፉት ወይም በጥቂቱ ብቻ ከተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው 8.4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ከባድ ድባቴ 5.9 እጥፍ። የተጠየቁት ነጮችና ላቲኖዎች ናቸው፣ ሐበሻ የለበትም። እኔን ግን ያስደነገጠኝ «መግፋት» ተብሎ የተቆጠረው ነገር ነው። ዱላና ማባረር ብቻ አይደለም። ከጓደኞቹ መለየት፣ ስለ ጉዳዩ እንዳይናገር ማፈን፣ ከቤተሰብ ዝግጅት ማስቀረትም አለበት። ያን ያደረጉት ወላጆች ደግሞ ብዙዎቹ ልጃቸውን ያዳኑ መስሏቸው ነበር።

እርምጃ 3፦ ምስጢሩ የእሱ ነው

«ማን ያውቃል? ለማን ልንገር? ለማን አልንገር?» ብላችሁ ጠይቁና የሰጣችሁን ስም ዝርዝር እንደ አደራ ያዙ።

የእኔ ጥፋት እዚህ ነው። የእህቴ ልጅ ሲነግረኝ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ሲነጋ ለአንዲት የጸሎት ጓደኛዬ «ስም አልጠራም፣ የጸሎት ርዕስ ብቻ ነው» ብዬ ነገርኳት። ስም አልጠራሁም፤ ግን ስንት የእህት ልጅ አለኝ? በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ዞሮ እህቴ ጋ ደረሰ፣ ልጇ ሳይነግራት። እሱ ለመንገር ቀን ቆርጦ ነበር፤ የልደቷን ማግስት። እኔ ያንን ቀን ወሰድኩበት።

የሐሜት መንገዶቻችንን እናውቃቸዋለን፤ ስለዚህ በስም ልጥራቸው። የጸሎት ርዕስ አንዱ ነው። የቡና ሰዓት ሌላው፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ የማይወጣ ነገር የለም። የጽዋ ማኅበር አለ፣ የእድር ስብሰባ ካለቀ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ የሚቆሙት አሉ፣ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ አለ። ሀገር ቤት ላሉት አያቱ በስልክ መናገርማ ቀበሌው ሁሉ ሰማ ማለት ነው። ለአንድ ሰው ሳትነግሩ ማደር ካልቻላችሁ፣ ልጁን የማያውቅ ሰው ፈልጉ፤ እርምጃ 9 ላይ እመለስበታለሁ።

እርምጃ 4፦ «ለማስተካከል» ሀገር ቤት አትላኩት

ይህ አጭር ነው፣ ግን አትደራደሩበት። ልጅ ሲያስቸግር ክረምቱን አዲስ አበባ ልኮ ከአጎት ጋር ማስቀመጥ የቆየ ልማዳችን ነው። በዚህ ጉዳይ አደጋ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ አስታውቆ ጥቆማ ሲቀበል ነበር። በእንግሊዝኛ የሚያወራ፣ ስልኩ ውስጥ የራሱ ሕይወት ያለበት ልጅ እዚያ መሀል ተጥሎ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቡ። የውጭ ፓስፖርት መያዙ ከሀገሪቱ ሕግ አያስጥለውም። በዓል ለመዋል ከእናንተ ጋር መሄድ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ከፈለገ፣ ስልኩን አጽድቶ፣ መቼ እንደሚመለስ በእርግጠኝነት አውቆ።

እርምጃ 5፦ ፀበል፣ ነጻ ማውጣት፣ ቴራፒ

ልጁ ራሱ «ፀበል ልሂድ» ካለ ውሰዱት፤ ከእናንተ ጋር ሆኖ ማለዳ መጠመቅ ከወደደ ማን ይከለክለዋል። እያለቀሰ ጎትታችሁ ብትወስዱት ግን የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ በእናንተ ዓይን ጋኔን ያደረበት መሆኑን። በጴንጤ ቤት ነጻ ማውጣት በሚሉት ላይም የምለው ይኸው ነው፤ አምስት ሰው ከቦ ራሱ ላይ እጅ ጭኖ እየጮኸ፣ መሀል ያለው የ15 ዓመት ልጅ «ወጥቷል» እስኪል ድረስ። ልጁ «ወጥቷል» ይላል። ቤቱ መሄድ ስለሚፈልግ።

ለአማኞች ይበልጥ የሚናገረው የኤክሶደስ ኢንተርናሽናል ታሪክ ይመስለኛል። በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመ የክርስቲያኖች ድርጅት ነበር፤ ሥራው በጸሎትና በምክር ሰዎችን ከዚህ ዝንባሌ ማውጣት ነበር። ከ37 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2013 እ.ኤ.አ.፣ ፕሬዚዳንቱ አለን ቼምበርስ በድርጅቱ የተጎዱትን በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው። ካገኛቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት ዝንባሌያቸው እንዳልተለወጠ ከመዝጋቱ በፊትም ተናግሮ ነበር። ተሳዳቢ አይደለም የተናገረው፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው ራሱ ነው። በሕክምናውም በኩል የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 እ.ኤ.አ. ይህን ዝንባሌ ከበሽታ ዝርዝር አውጥተውታል።

ስለዚህ ቴራፒስት ስትፈልጉ በስልክ መጀመሪያ የምትጠይቁት፦ «ልጁን ለመቀየር ነው የምትሠሩት?» አዎ ካሉ አመስግናችሁ ዝጉ። ሁለተኛው፦ «ሃይማኖተኛ ቤተሰብ ነን፤ እምነታችንን ታከብራላችሁ?» እዚህም የሚያፌዝ ካለ ዝጉ። ሁለቱንም የሚያልፍ ሰው ይገኛል፣ ሦስት አራት ስልክ ሊወስድ ይችላል። እውነቱን ለመናገር ከልጁ በፊት ቴራፒ የሚያስፈልገን እኛን ነው።

እርምጃ 6፦ የንስሐ አባት፣ ፓስተር፣ ኢማም

ለልጁ ሳትነግሩ አትሂዱ። ከሄዳችሁም መጀመሪያ ስም ሳትጠሩ መሬቱን ፈትኑ፦ «አባቴ፣ አንድ ቤተሰብ ልጃቸው እንዲህ ብሎ ቢነግራቸው ምን ይመክሯቸዋል?» መልሱ «ከቤት ያስወጡት፣ ሌሎቹን እንዳይበክል» ከሆነ ጉልበት ስማችሁ፣ ቡራኬ ተቀብላችሁ ውጡ፤ ከዚህ በላይ አትንገሯቸው። «ልጁን አቅርቡት፣ አታስጨንቁት» ካሉ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቤተ ክርስቲያኗ ትምህርቷን ለእናንተ ብላ አትለውጥም፤ የሄዳችሁትም ያን ለማስለወጥ አይደለም። የምትፈልጉት ልጃችሁን ይዛችሁ እንድትጾሙና እንድትጸልዩ የሚረዳችሁ አባት ነው።

አንድ ነገር በፍጹም አታድርጉ፦ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ካህኑን ሳሎን አስቀምጣችሁ አትጠብቁት።

የኛዎቹ ብዙ ባይናገሩበትም ያኔ የሮማ ጳጳስ የነበሩት ፍራንሲስ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ለወላጆች የሰጡት ምክር ነበር፤ ልጆቻቸው እንዲህ ሲሆኑ ከኩነኔ ጀርባ እንዳይደበቁ፣ አብረዋቸው እንዲሄዱ። የካቶሊክ ትምህርት ሳይለወጥ ነው ይህን ያሉት። ሙስሊም ለሆናችሁ ሲለቱ ረሒም የሚባለውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ የሥጋ ዝምድናን መቁረጥ በእስልምና ትልቅ ኃጢአት ነው፣ የልጅ ዝምድና ደግሞ የመጀመሪያው ነው። ስለ ጠፋው ልጅ ምሳሌ ግን ተጠንቀቁ። ወላጆች ይወዱታል፣ ራሳቸውን እንደ አባትየው ያያሉ። ልጁ የሚሰማው «አባካኝ» የምትለዋን ነው።

እርምጃ 7፦ አማርኛችን ራሱ

ልጃችሁ ትራንስ ከሆነ አንድ ከባድ ነገር ይገጥማችኋል። እንግሊዝኛ ፊት ለፊት ሲያናግር ወንድ ሴት አይልም። አማርኛ ግን «ና» ወይም «ነይ» ሳይል ውኃ እንኳ አያስመጣም። ልጁ በትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ ተመችቶት ውሎ በራችሁ ሲገባ በመጀመሪያዋ ግሥ ይወጋል።

መጀመሪያ የጠየቀውን ሞክሩ፤ ትሳሳታላችሁ፣ አርማችሁ ቀጥሉ፣ አምስት ደቂቃ ይቅርታ አታብዙ። አፋችሁ እስኪለምድ የሚያግዙ ቃላት አሉ፦ «ልጄ»፣ «ሆዴ»፣ «ዓለሜ»፣ «የኔ ማር» ጾታ የላቸውም። «እርስዎ»ም የለውም፤ አንዲት የማውቃት እናት ጭንቅ ሲላት «ይምጡ፣ ይብሉ» ማለት ጀመረች፣ ልጇ ሳቀ፣ እስካሁን በዚያው ናቸው። ደግሞስ እኛ መቼ ጥብቅ ነበርን? ሴት ልጅን ለፍቅር «አንተ» ማለት፣ ወንዱን ሲያቆላምጡ «አንቺ» ማለት የአያቶቻችን ነው። ያን ጊዜ ማንም አልተደናገጠም።

እርምጃ 8፦ ቤት ውስጥና ዘመድ ፊት

የቤት ደንብ ለሁሉም ልጅ አንድ ይሁን። ለእህቱ የወንድ ጓደኛ ማሳደር ካልተፈቀደ ለእሱም አልተፈቀደም። እህቱ ስለምትወደው ሰው እራት ላይ ማውራት ከቻለች እሱም ይችላል። ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ከቤት ማስወጣት ደግሞ በአሜሪካ በሕግም ያስጠይቃል።

እናትና አባት እኩል አይራመዱም። አባት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ይሰማል፣ ስለዚህም ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ በዜናውም፣ መጨረሻ በመሆኑም። ወደ ኋላ የቀረውን አትጎትቱት፣ አታሳፍሩትም፤ ልጁን በቃል እንዳይመታው ብቻ ጠብቁ።

ዘመድ «ሰርግሽን መቼ ነው የምንበላው?» ሲል ልጅቷ ብቻዋን እንዳትመልስ። እናት ቶሎ ትግባ፦ «እሱ እግዜር ያውቃል፤ ይልቅ አንቺ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ገባ አሉ?» መዋሸት አያስፈልግም፤ ሐበሻ ስለ ልጁ ሲጠየቅ የቀደመውን ጥያቄ ይረሳል። ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር እጃችሁን ትጨብጣለች፤ አይቻለሁ።

እርምጃ 9፦ ለራሳችሁ ሰው ፈልጉ

በሚያዝያ 1972 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ መምህርት የነበሩት የጂን ማንፎርድ ጌይ ልጅ ለጌዮች መብት በተደረገ ተቃውሞ ላይ ተደበደበ። በሰኔ እናቱ ከጎኑ ሆነው መፈክር ይዘው በአደባባይ ተራመዱ፤ ሌሎች ወጣቶች እየሮጡ መጥተው «እናቴን ያናግሩልኝ» አሏቸው። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት፣ አንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሃያ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ዛሬ ፒፍላግ የሚባለው የወላጆች ማኅበር ያ ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቅርንጫፍ አለው። ገብታችሁ ዝም ብላችሁ መስማት ትችላላችሁ። ጥቅሙ ለእኛ በተለይ አንድ ነው፦ እዚያ የተቀመጠ ማንም ሰው የእድራችሁ አባል አይደለም።

እርምጃ 10፦ ቀድሞ ከተበላሸ

ልጁ ወጥቶ ሄዶ ከሆነ፣ ስልክ ካላነሳ፣ ሽማግሌ አትላኩበት። በእኛ ባህል ሽማግሌ ክብር ነው፤ ለእሱ ግን ጉዳዩን ሦስት ተጨማሪ ሰው አወቀ ማለት ነው። በጽሑፍ፣ በአጭሩ፣ ጥፋቱን በስሙ ጠርታችሁ ይቅርታ ጠይቁ፦ «ያን ቀን እንዲህ አልኩህ። ማለት አልነበረብኝም። በሩ ክፍት ነው፣ መልስ አልጠብቅም።» «ብትረዳኝ» አትበሉ፣ «ግን» አትጨምሩ። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ተራ ነገር ላኩ፤ የድመቷን ፎቶ፣ የጓሮውን ቲማቲም። ጥቅስ አትላኩ። ስብከት ያለበት ቪዲዮ አትላኩ። በበዓል ቀን ድርሻው መቀመጡን ንገሩት።

እኔ ለእህቴ ልጅ እንዲህ ዓይነት መልእክት እየላክሁ አምስት ወር ሄድኩ። ለፋሲካ የዶሮውን ፈረሰኛ በሳህን አስቀምጬ ፎቶ ላክሁለት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጣላበት ብልት ነው። ማታ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ መለሰ፦ «ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቢው፣ እየመጣሁ ነው።»